ለአራተኛው ቆጠራ ቋሚ የቦታ መለያ ያስፈልጋል

ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የቦታ ተዋረድ ከአስተዳደር ወሰን ለውጥ ጋር አብሮ እንዳይፈርስ ስለመጠየቅ

የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሰውን ከመቁጠሩ በፊት ምድርን ይሸነሽናል። ቆጣሪው መጠይቁን ይዞ የመጀመሪያውን በር ከማንኳኳቱ በፊት፣ የአገሪቱ ግዛት አንድ ሰው በተመደበለት ጊዜ ሊያዳርሰው በሚችል ልክ ተከፋፍሎ፣ ክፍሎቹ እርስ በርስ ሳይደራረቡና በመካከላቸውም አንዳች የተዘለለ መንደር ሳይኖር በካርታ ላይ ሰፍሮ፣ ለእያንዳንዱም መለያ ቁጥር ተሰጥቶት መጠናቀቅ አለበት። ይህ ሥራ በሕዝብ ዘንድ እምብዛም አይታወቅም፤ ስለ ቆጠራ ሲነገር የሚጠቀሰው የሕዝቡ ድምር እንጂ ድምሩ የተሠራበት መሰላል አይደለም። ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው ያንን መሰላል ነው። አራተኛው ቆጠራ ከተያዘለት ጊዜ እጅግ ዘግይቶ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም. በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ እንደገና ከተራዘመ ወዲህ የአገሪቱ የአስተዳደር ወሰኖች በብዙ ቦታ ስለተለወጡ፣ ቆጣሪዎች ከመሰማራታቸው በፊት የቦታ አደረጃጀቱ በአዲስ መሠረት ላይ እንዲቆም ለአገልግሎቱ በአክብሮት ይቀርባል።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው ቆጠራ ከአገር በታች ዘጠኝ ክልሎችና ሁለት የከተማ አስተዳደሮች፣ ከእነርሱ ሥር ዞኖች፣ ከዞን ሥር ወረዳዎች፣ ከወረዳ ሥር የገጠርና የከተማ ቀበሌዎች ነበሩ። እስከዚህ ያሉት እርከኖች የመንግሥት አስተዳደር ለራሱ ሥራ የፈጠራቸው ሲሆኑ፣ ከቀበሌ በታች ያለው ግን የቆጠራው የራሱ ነው። ይህም የቆጠራ ቦታ ይባላል፤ አንድ ቆጣሪ ብቻ የሚመደብበት፣ በሦስተኛው ቆጠራ በአማካይ 181 ቤተሰብ የሚኖርበት፣ ወሰኑ በተቻለ መጠን በዓይን የሚታይን ነገር፣ ማለትም ወንዝን፣ መንገድን ወይም ሸንተረርን ተከትሎ የሚሰመር አነስተኛ አካባቢ ነው። ቤተሰብ ሲባል በቆጠራ ሥራ አብረው የሚኖሩና ማዕዳቸው አንድ የሆነ ሰዎች ስብስብ ማለት ነው። ጥቂት ተጎራባች የቆጠራ ቦታዎች በአንድ ተቆጣጣሪ ሥር ሲውሉ ደግሞ የተቆጣጣሪ ቦታ ይሆናሉ፤ ይህኛው ለመስክ ሥራ እንጂ ለውጤት ኅትመት የሚያገለግል እርከን አይደለም።

የዚህ አደረጃጀት ጽኑ ሕግ አንድ ነው፤ የታችኛው ቦታ ሙሉ በሙሉ በአንድ የላይኛው ቦታ ውስጥ ይወድቃል እንጂ ለሁለት አይከፈልም። የቆጠራ ቦታ የቀበሌን ወሰን አይሻገርም፣ ቀበሌም የወረዳን፣ ወረዳም የዞንን። ይህ ሕግ ሲጠበቅ የቀበሌዎች ድምር ወረዳውን፣ የወረዳዎች ድምር ዞኑን ይሰጣል፤ ስሕተት ሲኖርም ከየትኛው እርከን እንደመጣ ወደ ታች እየወረዱ ማጣራት ይቻላል። ተዋረዱ ግን በሁሉም ቦታ እኩል ደረጃ የለውም። በሦስተኛው ቆጠራ ጊዜ በቀድሞው የደቡብ ክልል ኮንሶ፣ ቡርጂ፣ አማሮ፣ ደራሼ፣ ባስኬቶ፣ ኮንታ፣ የምና አላባ ልዩ ወረዳዎች ስለነበሩ፣ ተጠሪነታቸውም የዞንን እርከን ዘሎ በቀጥታ ለክልሉ ስለነበር፣ በውጤት ሠንጠረዦች ውስጥ የተሰለፉት ከዞኖች ጎን ነው። በዚህም ምክንያት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የነበረው የሲዳማ ዞንና ከ60 ሺህ ያነሰ ሕዝብ የነበረው የቡርጂ ልዩ ወረዳ በአንድ ዓምድ ውስጥ እንደ እኩያ ተቀምጠዋል። ሠንጠረዡ የአስተዳደሩን እውነት በትክክል ቢያሳይም፣ ዞንን ከዞን የሚያነጻጽር ተመራማሪ ይህን ልዩነት ካላስተዋለ የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ መድረሱ አይቀርም። አዲስ አበባም እንዲሁ ናት፤ ከክፍለ ከተማ በታች ያለው እርከን በሦስተኛው ቆጠራ ቀበሌ ሲሆን ዛሬ ወረዳ ነው፤ ስለዚህ የከተማዋ ወረዳ በተዋረዱ ውስጥ ከገጠሩ ወረዳ ጋር አይተካከልም።

የከተማና የገጠር ክፍፍልም በተዋረዱ ላይ አግድም የሚያልፍ ሌላ መስመር ነው። በመርሕ ደረጃ 2,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያለው ሰፈራ ከተማ ይባላል፤ በተግባር ግን የክልል፣ የዞንና የወረዳ ዋና ከተሞች የሕዝባቸው ብዛት ሳይታይ፣ የከተማ ነዋሪዎች ቀበሌ የተቋቋመላቸው ሰፈራዎች፣ እንዲሁም ቢያንስ 1,000 ነዋሪ ኖሯቸው አብዛኛው ሰው ከእርሻ ውጪ በሆነ ሥራ የሚተዳደርባቸው ቦታዎች ሁሉ ከከተማ ተቆጥረዋል። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ አንድ ወረዳ ለሁለት ሲከፈል አዲስ ዋና ከተማ ስለሚሰየም፣ አንድ ተጨማሪ ቤት ሳይሠራና አንድ ሰው ከቀዬው ሳይነቃነቅ የአገሪቱ የከተማ ነዋሪ ቁጥር ሊጨምር ይችላል።

አስተዳደራዊ ወሰንና የቆጠራ ቦታ ይህን ያህል መተሳሰራቸው ችግር የሚሆነው ወሰኑ ሲለዋወጥ ነው፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ከቆጠራ እስከ ቆጠራ ሳይለወጥ የቆየ ተዋረድ የለም። በግንቦት 1976 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው ቆጠራ የተደራጀው በክፍለ ሀገር፣ በአውራጃና በወረዳ ነበር። ሁለተኛው ቆጠራ በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ከመካሄዱ በፊት መዋቅሩ ሁለት ጊዜ ፈርሶ ተሠርቷል፤ በ1980 ዓ.ም. በ24 የአስተዳደር አካባቢዎችና በ5 ራስ ገዞች፣ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ በ14 ክልሎች። የመጨረሻው ለውጥ አሻራ ዛሬም በቆጠራው የክልል መለያ ቁጥሮች ላይ ይነበባል። ትግራይ 01፣ አፋር 02፣ አማራ 03፣ ኦሮሚያ 04፣ ሶማሌ 05፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 06፣ ደቡብ 07 ከተባሉ በኋላ ቁጥሩ ዘሎ ጋምቤላን 12፣ ሐረሪን 13፣ አዲስ አበባን 14፣ ድሬዳዋን 15 ይላል። ከ08 እስከ 11 ያሉት ቁጥሮች ባዶ የሆኑት፣ በ1984ቱ አወቃቀር ከ7 እስከ 11 ተራ ይዘው የነበሩት አምስት ክልሎች ተዋሕደው በ07 ሥር ደቡብ ክልል ስለሆኑ ነው። ያ ክልል ደግሞ በተራው ተከፍሎ ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ራሳቸውን የቻሉ ክልሎች ሆነዋል። በሦስተኛው ቆጠራ መለያቸው በ07 የሚጀምር የቆጠራ ቦታዎች በሙሉ ዛሬ በአራት ክልሎች ውስጥ ይገኛሉ፤ መሬቱ ባለበት ቢቆምም የመለያው የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች ግን የሚያመለክቱት በዚያ ስያሜ የማይገኝን ክልል ነው።

ከክልል ወደ ዞን ሲወረድ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በ1999 ዓ.ም. የቆጠራ ሠንጠረዥ ውስጥ ምዕራብ ጉጂ የሚባል ዞን የለም። ዞኑ ኋላ ላይ የተመሠረተው በቆጠራው ጊዜ ቦረና ዞን ውስጥ ከነበሩት ከአባያ፣ ከገላና፣ ከቡሌ ሆራ፣ ከዱግዳ ዳዋና ከመልካ ሶዳ፣ እንዲሁም ጉጂ ዞን ውስጥ ከነበሩት ከቀርጫና ከሀምበላ ዋመና ነው። የምዕራብ ጉጂን የ1999 ሕዝብ ማወቅ የሚፈልግ ሰው እነዚህን ወረዳዎች ከሁለት ዞኖች ሠንጠረዥ ለቅሞ መደመር፣ ቦረናና ጉጂን ከዛሬ ወሰናቸው ጋር ለማነጻጸርም የየድርሻቸውን መቀነስ ይኖርበታል። እስከዚህ ድረስ ወረዳዎቹ ሙሉ ሆነው ስለተዛወሩ በትዕግሥት የሚሠራ ነው። ነገር ግን በዞኑ ውስጥ ዛሬ ሱሮ ባርጉዳና ብርብርሳ ኮጆዋ የሚባሉ፣ በ1999 ሠንጠረዥ ውስጥ በወረዳነት የማይገኙ ወረዳዎች አሉ። እነርሱን ለማግኘት የወረዳ ድምር ስለማይበቃ ወደ ቀበሌ መውረድ፣ ቀበሌውም ተከፍሎ ከሆነ ወደ ቆጠራ ቦታ መድረስ ግድ ይሆናል። የወረዳው የጤና ባለሙያ በበኩሉ ይህን ሁሉ የማጣራት አቅምም ጊዜም የለውም። ለክትባት የሚጠበቁ ሕፃናትን ቁጥር የሚያሰላው ከላይ በተላከለት ግምት ነው፤ ግምቱ ሲያንስ የወረዳው የክትባት ሽፋን ከመቶ በላይ ሆኖ ይመዘገባል፣ ሲበዛ ደግሞ የሠራው ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠርበታል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ሳይከተብ የቀረው ሕፃን ነው፤ ማን እንደሆነና የት እንዳለ ከቁጥሩ ሊታወቅ አይችልምና።

የቆጠራ ቦታ ጥቅም ከቆጠራው ጋር አያበቃም። ከቆጠራ በኋላ የሚካሄዱ የናሙና ጥናቶች፣ ማለትም ሕዝቡን በሙሉ ሳይሆን በስሌት የተመረጠውን ጥቂቱን ብቻ የሚጠይቁ ጥናቶች፣ ምርጫቸውን የሚጀምሩት ከቆጠራ ቦታዎች ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩም የናሙና ማዕቀፍ ይባላል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ማዕቀፉ ያደረገው በሦስተኛው ቆጠራ የተዘጋጁትን 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ሲሆን፣ ከእነርሱ 645ቱን መርጦ በእያንዳንዱ ውስጥ 28 ቤተሰቦችን ለመጠየቅ አቅዷል። ይህ ማለት አንዱ የተመረጠ የቆጠራ ቦታ በአማካይ ከ130 በላይ ለሚሆኑ ቦታዎች ይናገራል ማለት ነው። ጥናቱ ሲካሄድ ካርታው ዘጠኝ ዓመት ስለሞላው ሠራተኞቹ በተመረጠው ቦታ ያሉትን ቤተሰቦች እንደ አዲስ መመዝገብ፣ ከ300 በላይ ቤተሰብ የተገኘበትን ቦታም ከፋፍለው አንዱን ክፍል ብቻ መውሰድ ነበረባቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን የተጠቀመው ለአራተኛው ቆጠራ የተዘጋጀውን አዲስ ዝርዝር ነው፤ በዚህ ዝርዝር የቆጠራ ቦታዎቹ ቁጥር 149,093 ደርሷል፣ የቤተሰብ አማካይም ወደ 131 ወርዷል። ቆጠራው ቢራዘምም ለእርሱ የተሠራው ካርታ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ይህን ያህል ሰፊ አገር በእግርና በመኪና አዳርሰው ወሰን ያሰመሩት የካርታ ሠራተኞች ምስጋና የሚገባው ሥራ ሠርተዋል። ይሁን እንጂ 84,915ቱ ቦታዎች ከ149,093ቱ ጋር እንዴት እንደሚገናኙ፣ የትኛው አሮጌ ቦታ በየትኞቹ አዳዲሶች እንደተተካ የሚያሳይ የማገናኛ ሠንጠረዥ ለማንኛውም ተመራማሪ በግልጽ ካልቀረበ፣ ሁለቱ ዝርዝሮች ስለ አንድ አገር የተጻፉ ሁለት የማይተዋወቁ መዝገቦች ሆነው ይቀራሉ።

የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ለዚህ ችግር ያበጀው መፍትሔ ሊመረመር የሚገባው ነው። በዚያ አገር ተዋረዱ ከክፍለ ግዛት ወደ ካውንቲ፣ ከካውንቲ ወደ ትራክት፣ ከዚያም ወደ ብሎክ ይወርዳል። ትራክት የሚባለው ከ1,200 እስከ 8,000 ሰው እንዲኖርበት ታስቦ የሚሰመር፣ አስተዳዳሪም ምክር ቤትም የሌለው፣ ለስታቲስቲክስ ብቻ የተፈጠረ ቦታ ነው። የከተማ አስተዳደር ወሰን፣ የትምህርት ቤት ቀጣናና የምርጫ ክልል እንደየጊዜው ሲለዋወጡ ትራክቱ በተቻለ መጠን ባለበት ይቆያል። ሕዝቡ ሲበዛና መከፈሉ ግድ ሲሆን ልጆቹ የእናታቸውን ቁጥር ይዘው ከነጥብ በኋላ 01 እና 02 እየተባሉ ይለያሉ፤ አሮጌውን ከአዲሱ የሚያገናኝ ሠንጠረዥም ለሕዝብ ይወጣል። በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በኢትዮጵያ የተወለዱ ነዋሪዎች በየትኛው ሰፈር እንደሚበዙና ከዓመት ወደ ዓመት ወዴት እየሰፉ እንደሆነ መከታተል የተቻለው በዚሁ አሠራር ነው፤ የትውልድ አገር መረጃ በትራክት ደረጃ ይታተማልና። ለአገሬው አስተዳደር ያልተገዛ የስታቲስቲክስ ቦታ መኖሩ ቁጥሩን ከፖለቲካው ንፋስ ጠብቆታል።

ኢትዮጵያ ይህን እንዳለ እንድትቀዳ አይጠየቅም፤ ቀበሌ በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ሥር የሰደደ እርከን ስለሆነ ከተዋረዱ ማውጣት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። የሚጠየቀው ለእያንዳንዱ የቆጠራ ቦታ የክልሉም የዞኑም ቁጥር ያልተቀላቀለበት፣ አንዴ ከተሰጠ በኋላ የማይለወጥ መለያ እንዲሰጠውና ቦታው በየትኛው ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞንና ክልል ሥር እንደሆነ ደግሞ ቀን በተጻፈበት ሌላ ሠንጠረዥ እንዲያዝ ነው። ያኔ ነገ አንድ ወረዳ ከአንድ ዞን ወደ ሌላ ቢዛወር የሚታረመው ያ ሠንጠረዥ ብቻ ይሆናል፤ የቆጠራው መረጃ ሳይነካ በአዲሱ ወሰን እንደገና ይደመራል። የተከፈለ ቦታ የእናቱን መለያ ተሸክሞ እንዲቀጥል፣ የተሰረዘ መለያም ለሌላ ቦታ ፈጽሞ እንዳይሰጥ በመመሪያ መደንገግ አለበት። የ1999 ዓ.ም. ውጤት ዛሬ ባሉት ክልሎች፣ ዞኖችና ወረዳዎች ተደልድሎ እንዲታተም የሚያስችል የማገናኛ ሠንጠረዥ ማዘጋጀትም ከአገልግሎቱ በቀር ሌላ ተቋም በአግባቡ ሊሠራው የማይችል ሥራ ነው፤ የቀበሌና የቆጠራ ቦታ ካርታው በእጁ ያለው እርሱ ብቻ ነውና።

የይገባኛል ጥያቄ የሚነሣባቸውን አካባቢዎች በተመለከተ ይህ አሠራር የተለየ ጥቅም አለው። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ያለውን ወሰን ለመለየት ከ400 በላይ በሆኑ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ፣ ድምፅ የተሰጠውም ውጤቱ የተወሰነውም በቀበሌ ነበር። ቀበሌ ሳይቆራረጥ እስከተዛወረ ድረስ ከዚያ በፊት የተሰበሰበ ቁጥሩም አብሮት ይዛወራል፤ ወሰኑ ቀበሌን ለሁለት የሚቆርጥ ከሆነ ግን ቁጥሩን መከፋፈል ግምት እንጂ ቆጠራ አይሆንም። ስለዚህ አከራካሪ መስመር በሚያልፍባቸው አካባቢዎች ሁሉ የቆጠራ ቦታዎች መስመሩን እንዳይሻገሩ ሆነው በተለይ እንዲሰመሩ፣ ተከራካሪ ወገኖች የየራሳቸውን መስመር የሚያቀርቡ ከሆነም ቦታዎቹ በሁለቱም መስመሮች እንዲለዩ ያስፈልጋል። አገልግሎቱ መሬቱ የማን እንደሆነ የመፍረድ ሥልጣን የለውም፤ ሆኖም ፍርዱ በሚመለከተው አካል ወዴትም ቢሰጥ የተቆጠረው ሕዝብ ያለ ጭቅጭቅ ወደ ተወሰነለት ወገን እንዲደመር ማድረግ ይችላል። አንድ ነዋሪ በየትኛው ክልል ስም እንደሚመዘገብ በመፍራት ቤቱን ለቆጣሪ እንዳይዘጋ የሚያደርግም ይኸው ነው።

የሕዝብ አመኔታ ጉዳይ ከዚህ ተለይቶ አይታይም። የሦስተኛው ቆጠራ ውጤት ይፋ ሲሆን የአማራ ክልል ሕዝብ ከቀደመው ትንበያ እጅግ ዝቅ ብሎ 17.2 ሚሊዮን በመገኘቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጭምር ጥያቄ እንደተነሣ ይታወሳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቆጠራው በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድና የምርጫ ክልሎች ወሰንም በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ እንዲወሰን ተደንግጓል፤ በአንቀጽ 61 ደግሞ አንድ ብሔር ወይም ብሔረሰብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ከሚኖረው አንድ ወኪል በተጨማሪ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ወኪል ያገኛል። ይህን ያህል ክብደት ያለው ቁጥር ከላይ እንደ ውሳኔ ብቻ ሲወርድ ጥርጣሬን ይጋብዛል። የወረዳው ነዋሪ ግን የቀበሌውን ወሰን በካርታ አይቶ፣ በውስጡ ስንት የቆጠራ ቦታ እንዳለ አውቆ፣ ድምሩን ከታች ወደ ላይ ራሱ ማጣራት ቢችል፣ ክርክሩ ከወሬ ወደ ማስረጃ ይሸጋገራል። እርግጥ ነው፣ በትንሹ ቦታ ደረጃ ሁሉንም መረጃ ማተም የግለሰቦችን ምስጢር ያጋልጣል፤ 131 ቤተሰብ ባለበት መንደር አንድ ዓይነ ስውር ወይም አንድ የውጭ ተወላጅ ቢኖር ማን እንደሆነ ሠንጠረዡ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ በቆጠራ ቦታ ደረጃ ወሰኑ፣ የቤቶቹና የነዋሪዎቹ ጠቅላላ ብዛት ብቻ ታትሞ፣ ዝርዝሩ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ጀምሮ ቢወጣ ሁለቱንም ጥቅም ያስታርቃል።

ቦታን መሠረት ያደረገ ተዋረድ የማይመልሰው ጥያቄ አለ፤ እርሱም ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀሰው ሕዝብ ነው። በሦስተኛው ቆጠራ አብዛኛው አገር በግንቦት 1999 ሲቆጠር፣ አፋርና ሶማሌ በኅዳር 2000 ዓ.ም. የተቆጠሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። አርብቶ አደሩ ውኃና ግጦሽ ተከትሎ ሲዘዋወር በግንቦት ያለበት ቀበሌና በኅዳር ያለበት ቀበሌ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ በእነዚህ አካባቢዎች የቆጠራ ቦታው ወሰን በመንደር ብቻ ሳይሆን በውኃ ጉድጓዶችና በመስፈሪያ ቦታዎችም ሊሰመር ይገባል። ከቀያቸው ተፈናቅለው በመጠለያ ወይም በዘመድ ቤት ለሚገኙት ዜጎች ደግሞ መጠይቁ የነበሩበትን ቀበሌ በቋሚ መለያው እንዲይዝ ቢደረግ፣ ዛሬ ባሉበት ቦታ የሚያስፈልጋቸውን አገልግሎት ለማቀድም ሆነ ነገ ሲመለሱ የሚጠብቃቸውን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለመመጠን አንዱ መረጃ ለሁለቱም ይበቃል።

በመጨረሻም የሚጠየቀው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ቆጣሪዎች ከመመልመላቸው ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት የእያንዳንዱ ወረዳ የቆጠራ ቦታዎች ካርታ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ተለጥፎ፣ የቀበሌ ሊቀመንበሮች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የግብርና ልማት ሠራተኞች አይተውት፣ የተዘለለ ጎጥ ወይም በሁለት ቦታ የተመዘገበ መንደር ካለ በጽሑፍ እንዲያመለክቱ፣ አገልግሎቱም ለእያንዳንዱ ማመልከቻ መልስ እንዲሰጥ ይደረግ። በየቀኑ ከቤት ወደ ቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የጎጡን የመጨረሻ ቤት ከማንኛውም የሳተላይት ምስል በተሻለ ታውቀዋለች፤ ስሕተቱ በካርታው ላይ ሳለ ብትጠየቅ ማረሙ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ቆጠራው ካለቀ በኋላ ግን ያቺን ቤት መልሶ ማስገባት የሚችል ማንም የለም።

ከአክብሮት ጋር